ሁለት ሆነን የቀረንበት ፍጻሜ

ውድ ወንድሜ ኤሌዛር፣

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ኦኔሲሞን ለምን ነካኸው?

ይህን ፊት ለፊት አንድ ጊዜ ጠይቄህ ነበር። ጫማህን እየፈታህ፣ ቀና ሳትል፣ «እጄ ቀደመኝ» አልከኝ። አላመንኩህም። ያንተ እጅ ቀድሞህ አያውቅም። ምግብ ቀርቦ እማዬ እስክትቀመጥ ድረስ ጉልበትህ ላይ የሚጠብቅ እጅ ነው። ዛሬም አልጋህ ላይ ተጋድመህ፣ እግርህን ግድግዳው ላይ ሰቅለህ የምትሰማኝ ያህል እጽፍልሃለሁ። ካሁኑ ልንገርህ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ከሁሉም አብልጬ የጠረጠርኩት አንተን ነው።

ከቅርጫት ኳሱ ፍጻሜ ልጀምር። አብረን ነበርን፣ ግን እኔ ያየሁትንና አንተ ያየኸውን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አላስተያየንም።

ሰባት ነበርን። የመንደራችንን የያቺራን መለያ የሚለብስ የያቺራ ልጅ ብቻ ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ እዚህ ካልተወለዱ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ካላመጣ ወንበር ላይም አይቀመጥም። ልጆቻችን ደግሞ ግማሾቹ ድንበሩን ወደ ሰሜን ተሻግረዋል፣ ግማሾቹ ከተማ ወርደው ጡብ ይደረድራሉ። የጎረቤት መንደር ልጆች፣ ላቤናዎች፣ አስራ ሁለት ሆነው በጭነት መኪና እየዘፈኑ ሲገቡ ኒካኖር ቆጠራቸውና «ግድ የለም፣ ሰባት መሆናችን ይሻላል» አለ። «ወይፈኑን ስንካፈል ድርሻችን ይሰፋል።» ወይፈኑ በወረቀት አበባ ተሸልሞ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ታስሮ ነበር። የራሳችን ቅዱስ በዓል፣ የራሳችን ሜዳ፣ የራሳችን ሽልማት። እስከዚያ ቀን ድረስ ወይፈን ከያቺራ ወጥቶ አያውቅም።

ኒካኖር ራሱ ነው መጀመሪያ የወጣው። አምስተኛው ፋውሉ የላቤናውን ረጅም ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ መያዙ ነበር። «ዳኛ፣ ሰላም ስለው እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዳኛው ግን አምስት ጣቱን አሳየው። ቀጥሎ አንዱ ልጃችን ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ወጣ። አምስት ቀረን፤ ተቀያሪ የለም። በአራተኛው ሩብ ሦስት ልጆቻችን ተራ በተራ አምስት ሞልተው ወጡ። እየመራን ስለነበር ሁሉም በጉልበቱ ይከላከል ነበር፤ በጉልበት የሚከላከል ሰው ደግሞ ፋውል ይቆጠርበታል። አንድ ደቂቃ ሲቀር ሜዳው ላይ የቀረነው ሁለት ነን። አንተ ሰባት ቁጥር፣ እኔ አስራ አንድ ቁጥር። ሁለታችንም አራት አራት ፋውል ይዘናል።

ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ። ተቀያሪ የሌለው ቡድን በአራትም፣ በሦስትም፣ በሁለትም ሰው መቀጠል ይችላል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ግን ጨዋታው ያልቃል፣ በፎርፌ ይሸነፋል።

«እየመራን ቢሆንስ?» አለች እማዬ ከአጥሩ ጀርባ።

«ቢመሩም እናቴ። ሁለት ለዜሮ ተብሎ ለነሱ ይጻፋል።»

«ምን ዓይነት ሕግ ነው! እኔ ብቻዬን ሁለት ልጅ አሳደግኩ፤ ማን ፎርፌ ብሎ በሬን ዘጋብኝ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንተም ሳቅክ፣ አይቼሃለሁ። ከዚያ ኮሌታዬን ይዘህ ወደ ራስህ ሳብከኝ። «ቴዮ፣ ስማኝ። ስልሳ አንድ ለሃምሳ ስምንት ነው። ሲመጡ ዝም ብለህ ዝለል፣ እጅህን ወደ ላይ ብቻ። ማንንም አትንካ። ያግባ። ሁለት ነጥብ አይገድለንም፣ አንዲት ፋውል ግን ትገድለናለች። ገባህ?» ገብቶኛል አልኩህ። «እጅህን የት ነው የምታደርገው?» አልከኝ እንደገና። «ወደ ላይ» አልኩህ።

እንግዲህ ይህን የተናገርከው አንተ ነህ። ጥርጣሬዬ የበቀለው ከዚህ ነው።

አርባ ሰከንድ ሲቀር የላቤናው ኦኔሲሞ ኳሱን እያነጠረ ገባ። አንተ በቀኙ፣ እኔ በግራው። ሦስታችንም ዘለልን። እኔ ኳሱን መታሁ፤ ቢያንስ ኳሱን እንደመታሁ በእግዚአብሔር ስም መማል እችል ነበር። ኳሱ በሮ የማርሽ ባንዱ ከበሮ ላይ አረፈ። ፊሽካ ተነፋ። ስዞር ያንተ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቷል። የመዝለል እጅ አይደለም። «እኔ ነኝ» የሚል፣ ያጠፋ ሰው የሚያነሳው እጅ። ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሰባት ቁጥርን አሳየ።

አምስተኛህ ነበር፤ ብቻዬን ቀረሁ፣ ጨዋታው በፎርፌ አለቀ። ባንዱ የቱን መምታት እንዳለበት አላወቀም። ላቤናዎች እንኳ አልጨፈሩም፤ ወይፈኑን ፈትተው ሲወስዱ የወረቀቱ አበባ እየረገፈ በሜዳው ላይ ቀረ።

በማግስቱ በቆሎ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ሲያዩኝ ዝም አሉ። ከበሩ ሳልርቅ አንዷ «ጥሎሽ ነው እኮ» ስትል ሰማሁ። «ያችን የላቤናዋን ልጅ፣ ዴልፊናን፣ ይፈልጋታል አይደል? የኦኔሲሞን እህት። ወይፈናችንን ጥሎሽ አድርጎ ሰጠላት።» ሌላዋ «ኧረ ተይ፣ ልጁ ጨዋ ነው» አለች። «ጨዋማ ነው፣ ባዶ እጁን አልሄደም» አለች የመጀመሪያዋ። ተሳሳቁ።

ልከላከልልህ ይገባ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ይዤ ቤት ገባሁና ማገጣጠም ጀመርኩ። በበዓሉ ዋዜማ ከዴልፊና ጋር ከቧንቧው አጠገብ ቆመህ ነበር። ኦኔሲሞ ከጨዋታው በፊት ጆሮህ ውስጥ የሆነ ነገር ሹክ ብሎህ ሁለታችሁም ስቃችኋል። ሐሙስ ለሥራ ወደ ሰሜን እንደምትሄድ የወሰንከው ያን ሳምንት ነው። ሁሉም ገጠመልኝ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ከየትም አንስተህ ብታስቀምጠው ይገጥማል።

ረቡዕ ማታ ሻንጣህን ስትሸክፍ ነው ያን የተናገርኩህ። «በጥሎሽ ሸጥከን» አልኩህ። ሸሚዝ እያጠፍክ ነበር። እጥፋቱን ጨረስክ፣ ሻንጣው ውስጥ አስገባህ፣ ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ተኛህ። ሐሙስ ንጋት ላይ «ቴዮ፣ ሄጃለሁ» ስትለኝ ነቅቼ ነበር። እንደተኛ ሰው ተነፈስኩ። ትንሽ ቆመህ ጠበቅክ። እንደነቃሁ ታውቅ ነበር፣ አይደል? ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ዝናቡ መንገዱን በታችኛው ጥምዝ ላይ የናደው፣ የተሳፈርክበትም መኪና አብሮ ገደል የወረደው።

ዘጠኙን የጸሎት ቀን ሰው ቤታችንን ሞላው። ሬሳህ ባረፈበት ወለል ላይ በኖራ መስቀል ተሠራ፣ ሻማ ተበራ፣ ሴቶቹ ጸሎቱን መሩ። እኔ አልጸለይኩም። ሰዉን ሳይ ነበር። ማን አፍጥጦ ያያል፣ ማን የቀረበለትን የበቆሎ ታማሌ በልቶ ቶሎ ይወጣል፣ ማን ከማን ጆሮ ሥር ይንሾካሾካል። በተለይ አጎት ኩትቤርቶን። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ እርሳቸው ናቸው፣ በጨዋታውም ቀን ፋውል ሲመዘግቡ የዋሉት እርሳቸው። ጸሎት ሳያልቅ ኮፍያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ሲሉ ወደ ሻማው ያያሉ።

በስድስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ።

«አጎቴ፣ የፍጻሜውን የውጤት ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን ያደርግልሃል ልጄ?»

«ወንድሜ የጻፈው የመጨረሻ ነገር እዚያ ላይ ነው። ከጨዋታው በፊት ፈርሟል።»

በዚህ እምቢ ሊሉኝ እንደማይችሉ አውቄ ነው። ከቁም ሳጥኑ አወጡልኝ። ፊርማህን አላየሁም፣ ወደ ፋውሉ ነው የሮጥኩት። በእኔ ስም ትይዩ፣ አምስተኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት ገብቶ ተሰርዟል። ከዚያ ባንተ ስም ትይዩ ሌላ ምልክት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ፈሶ ነው።»

«የፈሰሰ ቀለም በማስመሪያ ይሰረዛል እንዴ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። «ዳኛው ያለኝን ጻፍኩ፤ ዳኛው ሲለውጥ ለወጥኩ። ቴዮ፣ ይህን ጉዳይ አትቆፍረው። ባትቆፍረው ላንተ ይሻላል።»

እንዲህ ያለህን ሰው ታምናለህ? እኔ አላመንኩም። አጎት ኩትቤርቶ ኦኔሲሞን ክርስትና ያነሱት ሰው ናቸው፤ ይህንንም አስታወስኩ። ያን ቀን የደረስኩበትን ልንገርህ፤ አትቆጣ። ነገሩ አስቀድሞ የተሸረበ ነው አልኩ። ከሁለታችን አንዳችን መውጣት ነበረብን፤ ጸሐፊው መጀመሪያ እኔን ጻፉ፣ ከዚያ «በስምምነቱ መሠረት» አንተን። ሦስታችሁም፣ አንተ፣ ኦኔሲሞና አጎት ኩትቤርቶ፣ አንድ ላይ ናችሁ። አልቅሼልህ የማላውቅ ሰው ያን ቀን ስምህን ጠርቼ ተራገምኩ።

በስምንተኛው ቀን ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሰው ወጥቼ በተራራው በኩል ላቤና ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ዴልፊና ደጃቸው ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ ጥቁር ለብሳለች። እኛ ቤት ሳትመጣ እኛ ቤት ላለ ሐዘን ጥቁር መልበሷ ራሱ አናደደኝ።

«ወይፈኑ የት አለ?» አልኳት፤ ሰላም ሳልል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ታርዶ አርባ ሰው በልቶታል። ለምን? ድርሻህን ልትወስድ መጣህ?»

«ባንቺ ዋጋ ከተሰጠ ወይፈን ድርሻ የለኝም።»

የበቆሎውን ራስ ወረወረችው። ግንባሬን ነው ያገኘኝ። «አንተም? አንተም ይህን ብለኸዋል? ፊቱ ላይ?»

ጩኸቷን ሰምቶ ኦኔሲሞ ከጓሮ ብቅ አለ። ቁመቱን ታውቀዋለህ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ለምን እንደመጣሁ ስትነግረው እጅጌውን ሰበሰበና ግራ ክንዱን አሳየኝ። ከክርን በታች ሦስት የጥፍር መስመር፤ ቅርፊቱ ገና አልወደቀም።

«ይሄ ከጨዋታው ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ የመታህ ነው።»

«ወንድምህ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝህ።»

«እና ይሄ የትኛው ክንድ ነው?»

«እህትህን ለማዳን ስትል ነው የምትዋሸው» አልኩት። «ወይም ክርስትና ያነሱህን ለማዳን።»

«ማንን ለማዳን እንደምዋሽ ወስንና ንገረኝ» አለ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር አንድ ዱባ አነሳ። «ና፣ ቁም እዚህ። ዴልፊና፣ አንቺ ኤሌዛር ነሽ፣ በቀኜ ቁሚ፣ እጅሽን ወደ ላይ። ወደ ላይ ብቻ፤ ልክ እንደ ሐውልት ነበር የቆመው። አንተ በግራዬ። እሺ፣ ዱባውን ልታስጥለኝ ሞክር።»

ሞኝነት መሰለኝ፤ ግን ቆምኩ። ዱባውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። እኔም እጄን ሰደድኩ። ዱባው ጋ ለመድረስ በክንዱ ላይ ማለፍ ነበረብኝ። ጣቶቼ ሦስቱ መስመሮች ላይ አረፉ። ልክ እዚያው ላይ።

እጄን ማንሳት አቃተኝ። ያን ቀን ማታ ጥፍሬ ሥር ይቆጠቁጠኝ እንደነበር አስታወስኩ። ኳሱ ነው ብዬ ነበር።

ዴልፊና እጇን አውርዳ ፊቷን ጠረገች። ረቡዕ ቀን አግኝታህ እንደነበር ነገረችኝ። ለምን እንዲህ አደረግክ ብላ ስትጠይቅህ «እኔ ሐሙስ የለሁም፣ ያሻቸውን ይበሉ» እንዳልካት። «ቴዮ ግን እዚያው ሁለት ዓመት ይማራል። በየወፍጮ ቤቱ 'ወይፈናችንን ያስወሰደው ልጅ' እየተባለ ይማር?» እንዳልካት። ኦኔሲሞን ደግሞ ከጨዋታው በኋላ ስትጨባበጡ «አፍህን ብትከፍት እግርህን እሰብረዋለሁ» ብለኸዋል፤ እርሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። ዳኛው አስራ አንድ ቁጥር ብሎ ነበር። ያንተን እጅ አይቶ ነው የለወጠው። አጎት ኩትቤርቶ አይተዋል፣ አንተም ማየታቸውን አውቀሃል። ሁሉም ዝም ያለው ለእኔ ሲል ነው።

ተራራውን ስወጣ ማመስገን አልነበረም የመጣብኝ። ተናደድኩብህ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። «ያንተ ነበር፣ ግን ያልፋል» ብትለኝ ምን ነበረበት? የፋውሉን ነገር እንደማልችለው አድርገህ ቆጠርከኝ፣ ከዚያ ግን «ሸጥከን» ብዬ እንድኖር ተውከኝ። ይህኛውን እንዴት እንደምችለው ነው ያሰብከው? ወይስ በሰሜን ሆነህ በስልክ ልትነግረኝ ነበር? እንዲህ ብዬ እገምታለሁ። አላውቅም። ሰውን መጠርጠር ለምጄ አሁን ደግ ነገር እንኳ ሲደረግልኝ ከኋላው ምን እንዳለ አያለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የመስቀሉ ኖራ ተጠርጎ ተነሣ፣ መቃብርህም ላይ ተደፋ። ለእማዬ ያን ማታ ነገርኳት። ሻማዎቹን እያጠፋች «አባታችሁም እንዲሁ ነበር፤ ሰው ሳያማክር ይሸከማል» አለች። ከዚያ ወደ መኝታዋ ሄደች። በማግስቱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አክስቴ መጥታ ለጥቂት ሳምንት ወደ ቆላው ወሰደቻት። «አንተ ትምህርትህን፣ ዶሮዎቹን» ብላኝ ከናዳው ማዶ ወደሚጠብቃቸው መኪና በእግሯ ወረደች።

እንግዲህ ብቻዬን የቀረሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ይህ ነበር። ዶሮዎቹን አበላሁ። የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ አሙቄ ግማሹን አቃጠልኩ፣ ቆሜ በላሁት። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለጋራ ሥራ ተደወለ። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ከእኛ ቤት የምትወጣው አንተ ነበርክ። ተማሪን ማንም አያስገድድም። አካፋህን ይዤ ወረድኩ።

ሥራው ታችኛው ጥምዝ ላይ ነበር፤ የተናደውን መንገድ መጠገን። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቆመዋል። አጎት ኩትቤርቶ ስም ሲጠሩ የእኛ ቤት ላይ ሲደርሱ ዘለሉት።

«የእኛን ቤት ዘለሉት» አልኩ።

«አንተ ተማሪ ነህ ልጄ። ቤታችሁ ለአንድ ዓመት ነጻ ነው፤ ጉባኤው ወስኗል።»

«ከመሥራቴ በፊት የምናገረው አለኝ» አልኩ። «ኦኔሲሞን የመታሁት እኔ ነኝ። አምስተኛው ፋውል የእኔ ነበር። ወንድሜ እጁን ያነሳው ለእኔ ብሎ ነው። ጥሎሽ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም ራሴ ብዬው ነበር። ውሸት ነው።»

አጎት ኩትቤርቶ መዝገቡን አጠፉ። ሰዉ እግሩ ሥር ያለውን አፈር አየ። ኒካኖር አካፋው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ሁሌም እንደሚያደርገው ሊቀልድ አፉን ከፈተ። «እና አሁን ወይፈኑ…» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ገደሉ ዞረ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ወፍጮ ቤት ያን ነገር የተናገረችው ሴት ባል ከሰልፉ መሐል ነበር። ማንም ሳይጠይቀው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ። በእርሱና በጎረቤቱ መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ።

«ከዚህ ጀምር» አለኝ፤ ፊቴን ሳያይ። «ድንጋዩን ወደ ግራ፣ አፈሩን ወደ ታች።»

ገባሁና መዛቅ ጀመርኩ።

እወድሃለሁ፣ ገና ግን አልታረቅኩህም።

ታናሽህ ታዴዎ፣ ያንተ ቴዮ
ያቺራ፣ ቅዳሜ